ሁለታችንም አንድ አየር ተነፈስን፤ እሱ ታመመ፣ እኔ አልታመምኩም። ለምን?

መነሻ ጽሑፍ

ታናሽ ወንድሜ የሳንባ ነቀርሳ ታመመ። ለሦስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረናል፤ በአልጋዎቻችን መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሁለት ወር አሳለው፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ያልበው ጀመር፣ ከዚያ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። አክታው ተመርምሮ ባክቴሪያው ተገኘበት፤ ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ዳነ። እኔ ስመረመር ክንዴ ላይ የተወጋው ቦታ አበጠ፤ ራጁ ግን ንጹሕ ነው። አያስለኝም፣ አያልበኝም፣ አልከሳሁም። የመከላከያ መድኃኒት እንድወስድ ተነገረኝ፤ ያልታመመ ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል ብዬ ተውኩት። ስለ አጋላጭ ሁኔታዎች የሚወራው ሁሉ ሰው ከታመመ በኋላ የሚፈለግለት ሰበብ ይመስለኛል። ወንድሜ ሲጋራ ስለሚያጨስ ነው ይላሉ፤ የሚያጨስ ሁሉ ታመመ እንዴ? እኔ ዕጣ ነው ባይ ነኝ። ተሳስቻለሁ?

ምላሾቹ

ከዚህ በታች ያለውን ያከልኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ምላሾቹ ከሠላሳ በለጡ፤ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ የተመለሰውን እንደገና ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተሉ አስቀምጫለሁ። ሐሳባችሁን ያሳጠርኩባችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ሆን ብዬ ያሳጠርኩባችሁም አላችሁ።

ቁጥር 1። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ረጅም ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። በወንድሜ መዳን መደሰታቸውን በትሕትና ገልጸው ሲያበቁ ርዕሴን አረሙት፤ «አልታመምኩም» ከሚለው በፊት «ገና» የምትል ቃል ጎድላለች አሉኝ። አንድ ጥያቄ ብዬ የጻፍኩት ሁለት ጥያቄ መሆኑን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ዘር መውደቁ ሌላ፣ መብቀሉ ሌላ። ባክቴሪያው ወደ ሳንባ መግባት አለመግባቱን የሚወስኑት ከታማሚው ጋር ያሳለፍነው ሰዓት፣ የክፍሉ ጥበት፣ የአየሩ መዘዋወርና በታማሚው አክታ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ናቸው። ከገባ በኋላ መንቃት አለመንቃቱ ግን በአብዛኛው የተቀባዩ ሰውነት ጉዳይ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያውን ተቀብሏል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ዕጣ ነው ማለቴ ልክ ነበር ብዬ ደስ አለኝ። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ደስታዬን አላቆየልኝም፤ ከሚታመሙት ብዙዎቹ የሚታመሙት ባክቴሪያው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። እኔ አንዱን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።

ቁጥር 2 ለሁለታችንም ጤና ተመኝቶ ሄደ።

ቁጥር 3 በሽታው የዘር መሆኑን ያለ አንዳች ጥርጥር ጻፈች። አያቷ፣ ቀጥሎ አጎቷ፣ ቀጥሎ የአጎቷ ልጅ ታመዋል፤ ከጎረቤት ግን ማንም አልታመመም። ቁጥር 4 ደግሞ የወንድሜን ኩባያና ማንኪያ ለይቼ እንደነበር ጠየቀ። እነሱ ቤት የታማሚው ዕቃ ለብቻው ታጥቦ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ ከቤተሰቡ ማንም ስላልተያዘ ዘዴው እንደ ሠራ ያምናል።

ቁጥር 5 ታሪክ የሚወድ፣ ማሳጠር የማይወድ ሰው ነው። ለቁጥር 3 ሲመልስ፣ ሳንባ ነቀርሳ የዘር ነው የሚለው አስተሳሰብ አውሮፓ ውስጥ የብዙ ሐኪሞችም እምነት እንደነበር አወሳ። ፈረንሳዊው ሐኪም ቪልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ከታማሚ ሰው የወሰደውን ነገር ጥንቸሎች ላይ ወግቶ በሽታው እንደሚተላለፍ አሳየ፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ባክቴሪያውን ማግኘቱን አስታወቀ። ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ አይደለም፣ ጣሪያም ይጋራል፤ የአያቷ፣ የአጎቷና የአጎቷ ልጅ ጉዳይ ለቁጥር 5 የአንድ ቤት አየር ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም አሸንፎ ነበር። ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ግን የራሱን ክርክር የሚያላላ ነገር ጨመረ፤ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የመታመሙ ዕድል፣ ከማይመሳሰሉት መንትዮች የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። እናም ዘር ባክቴሪያውን አያመጣም እንጂ፣ ከገባ በኋላ በሚሆነው ላይ ድርሻ አለው። ቁጥር 3 ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንሥታ፣ ልክ እንደነበረች አስታውቃ ተሰናበተች።

የቁጥር 4ን ኩባያ የሰበረችው ቁጥር 6 ናት። ባክቴሪያው የሚጓዘው ሰው ሲያስል፣ ሲናገርና ሲዘፍን ከሚወጡ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ጋር ነው፤ እነዚህ አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፉና እስከ ሳንባ ጥግ ሊወርዱ ይችላሉ። ኩባያ ላይ የቀረ ምራቅ ይህን መንገድ አይጓዝም። ማስረጃ እንድታመጣ ስትጠየቅ የአሜሪካዊውን ሐኪም የሪቻርድ ራይሊን ሙከራ ተረከች። በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣው አየር በቱቦ ተወስዶ ጊኒ ፒግ የሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ወደሚኖሩበት ክፍል እንዲገባ ተደረገ፤ እንስሳቱ ታማሚዎቹን አይተው ሳያውቁ ተያዙ። ከሙከራው እኔን ያስገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ታማሚዎቹ እኩል አላስተላለፉም፤ አብዛኞቹን እንስሳት ያስያዙት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ የቁጥር 4ን ቤተሰብ ያዳነው ኩባያው መሆኑ ቀርቶ፣ ታማሚያቸው ብዙ ከማያስተላልፉት አንዱ መሆኑ ሊሆን ይችላል። ዕቃ መለየት ሰውን ብቻውን ማስበላት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም ብላ ዘጋች።

ቁጥር 7 ላይ የውይይቱ ክር መልኩን ቀየረ። ይህ ሰው ወንድሜ በሽታውን በገንዘቡ እንደ ገዛው፣ ያም አልበቃ ብሎት ለእኔ እንዳካፈለኝ ጻፈ። የሚያጨስ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ የለበትም ባይ ነው። ቁጥር 8 የእኔ መልስ ነበር፤ ነርሷ በግል ስለ ለመኑኝ አጥፍቼዋለሁ፣ ባዶ ቁጥሩ ግን ቀርቷል። ከእኔ ይልቅ ለቁጥር 7 መልስ የሰጠችው ቁጥር 9 ናት። አጭሳ አታውቅም፣ ጠጥታ አታውቅም፣ ተማሪ ሳለች ታመመች። ሳሏን ለሳምንታት የደበቀችው እንደ ቁጥር 7 ያለ ሰው የሚላትን ፈርታ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ባክቴሪያውን ተቀበለች። ሰው ሳሉን እንዲደብቅ የሚያደርግ ወቀሳ ራሱ ከአጋላጮቹ ተርታ ሊቆጠር ይገባል አለች። ቁጥር 7 አልመለሰም።

ቁጥር 10 የቁጥር ሰው ነው፤ ቁጣ ባለበት ቦታ እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱ መልካም ነው። ሲጋራ የመታመምን ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል። የስኳር በሽታ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ብዙ አልኮል አዘውትሮ መጠጣትም በዚያው ገደማ። ኤችአይቪ ከሁሉም ይርቃል፤ ሌላው ሰው በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ የሚሸከመውን አደጋ፣ ኤችአይቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ ሰው በአንድ ዓመት ያህል ውስጥ ይሸከመዋል፤ ሕክምናው ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የሚያጨስ ሁሉ ታመመ እንዴ ያልኩትን ፈታው። ለምሳሌ ከማያጨሱ መቶ ሰዎች አምስት፣ ከሚያጨሱ መቶ ደግሞ አሥር ቢታመሙ፣ ከአጫሾቹ ዘጠናው ጤነኛ ናቸው፤ ሲጋራው ግን የታማሚውን ቁጥር እጥፍ አድርጎታል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለቁጥር 7ም አንድ ቃል ነበረው፤ ድርሻ ያለው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ አይባልም።

እዚያው ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ልዩነት አነሣ። የአንድን ሰው አደጋ በጣም የሚያበዛው ነገርና ብዙ ሰው የሚያሳምመው ነገር አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ የሚቆጥራቸው ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው፤ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ አልኮል፣ ሲጋራና የስኳር በሽታ። ለአንድ ሰው ኤችአይቪ ይከብዳል፤ በዓለም ደረጃ ግን በቂ ምግብ የማያገኘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚበልጡትን ታማሚዎች የሚያመጣው የምግብ እጥረት ነው።

ቁጥር 11 ተጠራጣሪ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለእኔ የቆመ ብቸኛው ሰውም እሱ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ራሱ እንደሚያከሳ አስታውሶ፣ የከሳው ስለ ታመመ ይሁን የታመመው ስለ ከሳ በምን ይታወቃል ሲል ጠየቀ። ደህና ጥያቄ ነው። የመለሰችው ቁጥር 12 ናት። ሕንድ ውስጥ በጃርካንድ ግዛት በተደረገ ጥናት የታማሚዎች ቤተሰቦች በዕጣ ተከፈሉ፤ በሁለቱም ወገን ታማሚው የምግብ ድጋፍ ሲያገኝ፣ በአንዱ ወገን የቤተሰቡ አባላትም ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት፣ ምግብ ከተጨመረላቸው ቤተሰቦች የታመሙት ሰዎች በ40 በመቶ ገደማ አነሱ። እነዚህ ጥናቱ ሲጀመር ያልታመሙ ናቸውና፣ ምግቡ የቀደመው በሽታውን ነው። ቁጥር 11 ይህን አላውቅም ነበር ብሎ ጻፈ። በዚህ መድረክ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁጥር 13 አንዲት መስመር ናት፤ ወንድምህ ሥራው ምንድን ነው?

አልጻፍኩትም ነበር። ጉዳዩን የሚነካ አልመሰለኝም። ቁጥር 14 ላይ መለስኩ፤ ድንጋይ ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፤ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ የሚሠራውም አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ነው።

ቁጥር 15 ከቁጥር 13 ጋር አንድ ሰው መሰለኝ፤ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ከድንጋይ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ባክቴሪያ ሲገባ ውጠው የሚይዙት የሳንባ ሕዋሳት ይህንንም ብናኝ ይውጡታል፤ ብናኙ ግን ይመርዛቸዋል። ዘበኞቹ ከሞቱ ወይም ከደከሙ በኋላ የሚገባው ባክቴሪያ የሚያቆመው አያገኝም። ሲሊኮሲስ የሚባለው የሳንባ ጠባሳ ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመታመም ዕድሉ ብዙ እጥፍ ነው፤ ጠባሳው ሳይታይ ብናኙን ለዓመታት የተነፈሰ ሰውም ከአደጋው አያመልጥም፤ ሥራውን ከተወ በኋላም አደጋው አብሮት ይቆያል። የማዕድን ቆፋሪዎች ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። ሲጋራ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ምክሩ ሁለት ነበር፤ ድንጋዩ በውኃ እየረጠበ ይቆረጥ፣ ወንድምህ ለብናኝ የተሠራ ጭንብል ይልበስ። እስከዚያ ቀን ወንድሜን ስለ ሲጋራው ሁሉም ሰው ተቆጥቶታል፤ ስለ ብናኙ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። እኔም ጭምር።

ከቁጥር 16 እስከ 19 ስለ ቃል ነው። ቁጥር 16 መነሻ ጽሑፌ «የሳንባ ነቀርሳ» ከማለት ቲቢ ማለት እንደነበረበት ጻፈ፤ «ነቀርሳ» ለካንሰርም ስለሚውል ሰው ያሳስታል። ቁጥር 17 እናቷ ልጇ ነቀርሳ እንደያዘው ሰምታ፣ ካንሰር መስሏት ሳምንት ሙሉ እንዳለቀሰች ተናገረች። ቁጥር 18 የተገላቢጦሹን አመጣ፤ የአጎቱ የሳንባ ካንሰር ነበር፤ ዘመዶቹ ነቀርሳ ሲባል ሰምተው፣ ስድስት ወር ሞልቶት የሚድን መስሏቸው ጠበቁ። ከዚህ በኋላ ለመሳቅ አልተቻለም። ቁጥር 19 ግን «ሳንባ» በ«ን» ነው ወይስ በ«ም» የሚል ጠብ ከፈተ፤ ቁጥር 20 ላይ አወያዩ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ አዘዘ። መነሻ ጽሑፉን አልቀየርኩትም፤ የቁጥር 18ን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ግን በተቻለኝ ሁሉ ቲቢ ማለት ጀምሬአለሁ።

ቁጥር 21 ፀሐይ መሞቅና ቫይታሚን ዲ መውሰድ ይበቃል አለ። ቁጥር 22 በአጭሩ ቀጣው፤ ሞንጎሊያ ውስጥ ከ8,800 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ቫይታሚኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ አልተያዙም። ቁጥር 23 ለመገጣጠሚያ ሕመሙ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መርፌ ሊጀምር ሲል አስቀድሞ ለቲቢ እንደ ተመረመረ፣ የተደበቀው ባክቴሪያ ተገኝቶ የመከላከያ መድኃኒት እንደ ወሰደ ነገረን። እንደኔ ሊተወው አስቦም ነበር፤ ሐኪሙ ያለዚያ መርፌውን አልጽፍም አለው።

ቁጥር 24 ነርሷ ተመለሱ። እስካሁን ሁላችንም ስለ አዋቂዎች ስናወራ መቆየታችን ደንቋቸዋል። ወንድሜ በሚያስልበት ወቅት ቤታችን ሕፃን ይመጣ እንደነበር ጠየቁኝ።

ይመጣ ነበር። እኅቴ የአራት ወር ልጇን ይዛ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ ወንድሜም ያቅፋታል። አብራን ስለማትኖር እሷን መመርመር ለማንም ትዝ አላለውም። ቁጥር 25 ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነርሷ ወዲያው መለሱ። ባክቴሪያውን ከሚቀበሉ አዋቂዎች ጥቂቶቹ ናቸው የሚታመሙት፤ ከአንድ ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ግን መከላከያ መድኃኒት ካላገኙ እስከ ግማሽ ያህሉ ሊታመሙ ይችላሉ፤ በሽታውም ሳንባ ላይ ሳይቆም ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ መላ ሰውነት ሊዛመት ይችላል። የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከነዚህ ከከፉት ዓይነቶች በደንብ ይከላከላል፤ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ዛሬውኑ እኅትህን ጥራት አሉኝ። ጠራኋት።

በዚህ መሃል ቁጥር 26 ሆኖ ቁጥር 11 ተመለሰ፤ የሉቤክን ታሪክ ይዞ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ለ251 ሕፃናት በአፍ የተሰጠው ክትባት በሕያውና ገዳይ የቲቢ ባክቴሪያ ተበክሎ ነበር፤ 72ቱ በቲቢ ሞቱ፣ አብዛኞቹ ግን ተረፉ። ባክቴሪያው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ውጤቱ የተለያየ፤ ዕጣ አይደለም ወይ ለማለት ነው። ቁጥር 10 ብክለቱ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው ይለያይ እንደነበር፣ ብዙ ባክቴሪያ የወሰዱት ይበልጥ እንደ ተጎዱ አስታወሰው። ቁጥር 9 ግን ስለ ቁጥሩ ግድ አልነበራትም፤ አንድ ሰው የእኅቱን ልጅ ውጤት በሚጠብቅበት ሰዓት የሞቱ ሕፃናት መቁጠር ምን ይባላል ስትል ጻፈችበት፣ ከዚህም የከረረ ቃል ጨመረች። ቁጥር 11 ይቅርታ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር እኔን አላስቆጣኝም። የተረፉት ይበልጣሉ የሚለውን ይዤ ነው ያን ሌሊት ያደርኩት።

ቁጥር 29 ላይ ውጤቱን ጻፍኩ። ልጅቷ አልታመመችም፤ ክብደቷም እንደሚገባው ጨምሯል፤ የመከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። እኔም ነቃ ያለ በሽታ እንደሌለብኝ እንደገና ከተረጋገጠ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለ12 ሳምንት የሚወሰደውን ጀምሬአለሁ። ሁለተኛውን ሳምንት ጨርሻለሁ፤ ሽንቴ ወደ ብርቱካንማ ሲቀየር ደንግጬ ነበር፣ ነርሷ ከመድኃኒቱ መሆኑን ነግረውኛል።

ቁጥር 30፣ 31 እና 32 እንኳን ደስ አለህ ባዮች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቁጥር 7 ነው፤ ስለ ወንድሜ ግን ምንም አላለም።

ቁጥር 33 ወንድሜ ነው። ክሩን ማን እንዳሳየው አላውቅም። ጋሼ ብሎ ጀመረ፤ ጋሼ የሚለኝ ሲናደድ ወይም ገንዘብ ሲቸግረው ብቻ ነው። ስለ ሥራው መጻፌን አልተቃወመም፤ ጭንብል ገዝቷል፣ ሲጋራውን ግን አልተወም። ሁለት ስሕተት እንዳርም ነው የፈለገው። አንደኛ፣ ያሳለው ሁለት ወር ሳይሆን አራት ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ነግሮኝ ጉንፋን ነው ብዬዋለሁ። ሁለተኛ፣ ስለ አየር ይህን ሁሉ ሰው ሲያወራ እኔ ዝም ማለቴ አስቆጥቶታል። አልጋው አጠገብ ያለውን መስኮት እሱ ሁልጊዜ ማታ ይከፍተው ነበር፤ ይበርደኛል እያልኩ ተነሥቼ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

መነሻ ጽሑፉ ላይ ሁለት ወር የሚለውን አራት ወር ብዬ ላርመው ብገባ፣ የማረሚያው ጊዜ አልፏል ይላል። አወያዩን ጠይቄአለሁ።